አሁንም እየሞከርኩ ነው

በሊነክስ ሰርቨር ሎግ ውስጥ አንድ አጭር መስመር አለ። ሰርቨሩ ከጋራ ማከማቻው መልስ ሲያጣ የሚጽፈው ነው። በአማርኛ ቢነበብ «ሰርቨሩ አልመለሰም፤ አሁንም እየሞከርኩ ነው» ይላል። ማከማቻው መልስ መስጠት ሲጀምር ሌላ መስመር ይከተላል፦ የማከማቻው ስም፣ ከዚያም «ደህና»። በሁለቱ መካከል ጥቂት ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል፤ ሌሊቱ በሙሉም ሊያልፍ ይችላል። ፋይል ሲጽፍ የነበረው ፕሮግራም ግን ካቆመበት ይቀጥላል። ስህተት አልተነገረውም። መጠበቁንም አያውቅም።

የመስመሩን አሠራር ልብ በሉ። የያዘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የታየውን ይናገራል፦ መልስ አልመጣም። ሁለተኛው የሚደረገውን ይናገራል፦ ሙከራው አልቆመም። «ማከማቻው ሞቷል» አይልም፤ ከዚህ ማዶ ሆኖ ያንን ማወቅ አይቻልም። «ገመዱ ተበጥሷል» አይልም። ላኪው የሚያውቀው ጥያቄው መውጣቱንና መልሱ አለመግባቱን ነው። የጻፈውም ይህንኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት ይህ መስመር በአንድ ሰርቨር ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ አገኘነው። መሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ በመስኮት የሚስተናገድበት ነው። ሰው ይሰለፋል፣ ሠራተኛዋ ስክሪኑን አይታ «ሲስተም የለም» ትላለች። እኔ የምሠራው ከዚያች ቃል ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ነው።

የነበረው ዕቃ ይህ ነው፦ ሁለት ሰርቨር፣ አንድ የጋራ ማከማቻ፣ ሁለት ስዊች። ማከማቻው የባለጉዳዮችን መዝገብና ስካን የተደረጉ ሰነዶችን ይይዛል። ሰርቨሮቹ የማከማቻውን ፎልደር ኤንኤፍኤስ በሚባለው የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል ማውንት አድርገው እንደ ራሳቸው ዲስክ ይጠቀሙበታል። ቅዳሜና እሁድ አዲስ ስዊች ገብቶ ነበር። አንደኛው ሰርቨር በአሮጌው ስዊች ላይ ቀረ፤ ሁለተኛው ወደ አዲሱ ተዛወረ። አንደኛው ይሠራል። ሁለተኛው ስታክ አድርጓል።

እጄ ወደ ሪስታርት ሄዶ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ በሙያው አሥር ዓመት ትቀድመኛለች። «ቆይ ወንድሜ፣ ገና ምንም አላየንም» አለችኝ። ደብተሯን አወጣች። መጀመሪያ የደወለችው መስኮት ላይ ለምትሠራው ልጅ ነው። «እህቴ፣ የሚከፈትልሽ ምንድን ነው?» አለቻት። የማይከፈተውን ሁሉም ሰው ይጠይቃል፤ እሷ የጠየቀችው የሚከፈተውን ነው። ልጅቷ እንዲህ መለሰች፦ «ጽሑፉ ይከፈታል። አንድ ሰው ስካን የተደረገ ሰነድ ሲከፍት ግን የሁላችንም ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ይመጣና መልሶ ይቆማል።» ባልደረባዬ ቃል በቃል ጻፈችው። ብልሽቱ ሙሉ በሙሉ በዚያ ንግግር ውስጥ ነበር። እኛ የደረስንበት ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ልቃቂት ውሉ ሲጠፋ የቸኮለ ሰው ይጎትተዋል፤ ያጠብቀዋልም። የለመደ ሰው በእጁ ያዞረዋል።

ከሰርቨሩ እስከ ማከማቻው ያለው መንገድ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። መጋጠሚያዎቹ ይቆጠራሉ። የማከማቻው ስም ወደ አድራሻ ይለወጣል። አድራሻው ይደረስበታል። 2049 የተባለው ፖርት ክፍት ይሆናል። ከፖርቱ ጀርባ ያለው ፕሮግራም ይመልሳል። ማከማቻው ይህን ማሽን ያውቀዋል። ፎልደሩ ይህን ተጠቃሚ ይቀበለዋል። ዳታው የሚሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰባቱን ከላይ ወደ ታች ጻፈቻቸው። ከእያንዳንዳቸው ፊት አንድ ትዕዛዝ ብቻ አስቀመጠች። ሙያዋ ያለው እዚህ ምርጫ ላይ ነው። ሁለት መጋጠሚያ ባንዴ የሚነካ ትዕዛዝ ሲከሽፍ የትኛው እንደለቀቀ አይናገርም።

ፈተናውን በታመመው ሰርቨር ላይ አልጀመረችም። እዚያ የቆሙ ጥያቄዎች ተከማችተዋል፤ አዲሱን ከአሮጌው መለየት ያስቸግራል። ሥራ ያልነበረበት ሦስተኛ ማሽን አምጥታ ከአዲሱ ስዊች ጋር በገመድ አገናኘችው። ስሙ ተለወጠ። አድራሻው መለሰ። 2049 ክፍት ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሁለት ደቂቃ አልፈጁም።

አራተኛው ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል።

ኤንኤፍኤስ የቆመው አርፒሲ በሚባል የርቀት ጥሪ ሥርዓት ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት ፕሮግራሙም ተግባሩም በቁጥር ይጠራል። የኤንኤፍኤስ ቁጥር 100003 ነው። እኛ የምንጠቀምበት ሦስተኛው ስሪት በ1995 የወጣ ሲሆን 22 ተግባሮች አሉት፤ ከ0 እስከ 21። ስም መፈለግ 3 ነው፣ ማንበብ 6፣ መጻፍ 7። 0 ምንም አይሠራም። ምንም አይቀበልም፤ የሚመልሰውም ባዶ መልስ ነው። የተቀመጠው ሰርቨሩ መመለሱን ለማወቅና የመልሱን ፍጥነት ለመለካት ነው። ፋይል አይነካም፣ ዲስክ አያንቀሳቅስም፣ ፈቃድ አይጠይቅም። ጠሪው ያንኳኳል፤ ከውስጥ «አቤት» ይባላል፤ በቃ።

ይህን ተግባር ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፕሮቶኮሉን የጻፉት ሰዎች አንድ ቀን እንደሚበላሽ አውቀው ከሥራው ሁሉ በፊት የሚፈትሸውን ሰው አሰቡለት። ቁጥሩንም ከሁሉ አስቀደሙት። አራተኛው ስሪት ሲመጣ ተግባሮቹ ሁሉ በአንድ ጥቅል ውስጥ ገቡና የጥሪ ቁጥሮቹ ሁለት ብቻ ቀሩ። 1 ጥቅሉ ነው። 0 እንደነበረ ቀረ።

ባልደረባዬ 0ን ጠራች። መልሱ ከሰከንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ መጣ። ከደብተሩ ላይ አራተኛውን ሰረዘች።

አምስተኛው ማውንት ማድረግ ነው። እሱም ተሳካ። ማውንት ሲሳካ ጠያቂው ከማከማቻው የሚረከበው ነገር ፋይል ሃንድል ይባላል፤ የፎልደሩ መጠሪያ የሆነ የባይቶች ጥማር ነው። በመጀመሪያ ለሕዝብ በወጣው በሁለተኛው ስሪት ልኩ 32 ባይት ነበር፣ አይጨምርም አይቀንስም። በሦስተኛው እስከ 64፣ በአራተኛው እስከ 128 ይደርሳል። ጠያቂው ውስጡን አያይም። እንደተሰጠው ያስቀምጠዋል፣ ፋይሉን ሲፈልግ መልሶ ይሰጠዋል። ውስጡን የሚያውቀው የሰጠው ማከማቻ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ማከማቻዎች ሦስት ነገር ያደርጉበታል፦ የዲስኩን መለያ፣ ፋይሉ በዲስኩ ላይ የተመዘገበበትን ቁጥር፣ የትውልድ ቁጥር።

ሦስተኛው ነው የሚያስደንቀው። ፋይል ሲጠፋ የምዝገባ ቁጥሩ ባዶ ይሆናል፤ ነገ ለሌላ ፋይል ይሰጣል። የድሮውን ሃንድል የያዘ ማሽን ነገ ቢመጣ የሌላ ሰው ፋይል ሊከፈትለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለአዲስ ፋይል በተሰጠ ቁጥር ትውልዱ ይለወጣል። ሃንድሉ ሲመጣ ማከማቻው ያመሳክራል። ካልገጠመ የሃንድሉ ጊዜ እንዳለፈበት ይመልሳል። በሊነክስ የዚህ ስህተት ቁጥር 116 ነው። ሰው ሲያየው ይበሳጫል። እኔ ግን አንድ ጠባብ ክፍተት በልክ በተቆረጠ ነገር መደፈኑን አይበታለሁ።

ሃንድሉ እንዲህ የሆነው ማከማቻው ምንም እንዳያስታውስ ስለተፈለገ ነው። ሥራው የተጀመረው በሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 ነው። ረስል ሳንድበርግና አራት ባልደረቦቹ በ1985 ባቀረቡት ጽሑፍ ላይ ንድፉ ተብራርቷል። በዚያ ንድፍ ማከማቻው ማን የትኛውን ፋይል እንደከፈተ መዝገብ አይይዝም። እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ተሸክሞ ይመጣል፦ የትኛው ፋይል፣ ከስንተኛው ባይት፣ ስንት ባይት። ማከማቻው ወድቆ ቢነሳ የጠፋበት ነገር የለም። ጠያቂው ያንኑ ጥያቄ ይደግማል፤ ሃንድሉ ዲስክ ላይ ባለ ነገር የተሠራ ስለሆነ ያው ይሠራል። «አሁንም እየሞከርኩ ነው» ለማለት የሚያስችለው ይህ ነው።

ስድስተኛው ፈቃድ ነው። በዚያን ዕለት ችግሩ እዚያ አልነበረም፤ ቢሆንም ከባልደረባዬ ሥራ ያየሁት ከሁሉ የረቀቀው በዚህ መጋጠሚያ ላይ በሌላ ጊዜ የሆነ ነው። አንድ ሠራተኛ አንድ ፎልደር አልከፈትለት አለ። ማከማቻው ላይ በቀጥታ ሲገባ ይከፈትለታል፤ በኔትወርክ ሲመጣ ይከለከላል። ስሙ ልክ ነው፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ የፎልደሩ ባለቤት የሆነው ቡድን ውስጥም አለ። ባልደረባዬ የሰውየውን ቡድኖች ዝርዝር አወጣችና በእርሳሷ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። 19 ናቸው። የፎልደሩ ቡድን 18ኛ ላይ ነበር። ሰው በኔትወርክ ሲመጣ በተለመደው የአርፒሲ መታወቂያ ላይ የተጠቃሚው ቁጥር፣ ዋናው ቡድኑ፣ ከዚያም ቢበዛ 16 ተጨማሪ ቡድኖች ይጻፋሉ። ቦታው 16 ነው። 17ኛው አይጻፍም፤ አለመጻፉንም የሚናገር የለም። ማከማቻው የቡድኖቹን ዝርዝር ከመታወቂያው ላይ መውሰዱን ትቶ በራሱ እንዲያጣራ የሚያደርግ አማራጭ አለ፤ እሱን ከፈተችው። የሠራችው በሙሉ መቁጠርና አንድ ቃል መጨመር ነው።

በዚሁ መጋጠሚያ ላይ አንድ ባዶ ቦታም አለ። ማከማቻው የትኛው ማሽን እንደሚፈቀድለት የሚዘረዝር ፋይል ይይዛል። የማሽኑ ስም ይጻፍና ቅንፍ ተከፍቶ መብቱ ይዘረዘራል። ስሙና ቅንፉ መጣበቅ አለባቸው። በመካከላቸው አንድ ክፍት ቦታ ከገባ መስመሩ ሌላ ትርጉም ይይዛል፦ ማሽኑ የተለመደውን መብት ብቻ ያገኛል፤ በቅንፍ የተጻፈው መብት ለዓለም ሁሉ ይሆናል። ባልደረባዬ ያንን ፋይል ስታነብ ቃላቱን ብቻ አታይም። ክፍት ቦታዎቹን ታያለች።

ወደ ሰኞ እንመለስ። ስድስቱ ተሰርዘዋል፤ የቀረው ሰባተኛው ነው፣ ዳታው። 600 ባይት የሆነ የጽሑፍ ፋይል ከፈተች። ወዲያው መጣ። ከዚያም በሦስተኛው ማሽን ዲስክ ላይ 200 ሜጋባይት ፋይል ፈጠረች። ወደ ማከማቻው ከመገልበጧ በፊት የፋይሉን ሻ-256 ድምር አስልታ በደብተሯ ላይ በእጇ ገለበጠችው፣ 64ቱን ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ። ለምን እንደምትደክም አልገባኝም ነበር።

መገልበጡ ተጀመረ። ቁጥሩ ሮጠ። በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ 100 በመቶ ሆነ። ፕሮግራሙ ግን አልተመለሰም። 100 ላይ ቆሞ ቀረ። ይህን ያየ ሰው ፋይሉ ሄዷል ይላል። ፋይሉ የትም አልሄደም። ሊነክስ የሚጻፈውን መጀመሪያ በራሱ ሚሞሪ ይቀበላል፤ ለዚያ ነው የሮጠው። ኤንኤፍኤስ ግን ፋይሉ ሲዘጋ ያልተላከውን ሁሉ ልኮ ማረጋገጫ እስኪያገኝ አይለቅም። መዝጋቱ ላይ ነው የቆመው። ባልደረባዬ ያንን የጽሑፍ ፋይል እንደገና ልትከፍት ሞከረች። አሁን እሱም አልከፈት አለ። ደብተሯን ገልጣ የመስኮቷን ልጅ ቃል በጣቷ አሳየችኝ።

ግልባጩን አላቋረጠችውም። «ይቆይ፤ ምስክር ነው» አለች።

ከዚያ ያደረገችው በጣም ቀላል ነው። ፒንግ ላከች፤ ግን ልኩን እየመረጠች፣ መንገድ ላይ እንዳይቆራረጥ የሚከለክለውን ምልክት አድርጋ። 1472 ባይት ላከች፤ ተመለሰ። 8972 ላከች፤ ጠፋ። እነዚህ ቁጥሮች የተቆረጡ ናቸው። የተለመደው የኔትወርክ ፓኬት ጣሪያ 1500 ባይት ነው። ከዚያ ላይ 20 ለአይፒ ራስጌ፣ 8 ለፒንጉ ራስጌ ሲቀነስ 1472 ይቀራል። የእኛ ሰርቨሮችና ማከማቻው የተስተካከሉት በ9000 ነው። ያው 28 ሲቀነስ 8972 ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች የሁለቱን ጣሪያ ጫፍ ይነካሉ። በመካከላቸው 7500 ልክ አለ። በግማሽ እየከፈሉ ቢፈልጉት 13 ሙከራ ይፈጃል። እሷ አንድ ብቻ ሞከረች፦ 1473። ጠፋ። መንገዱ ላይ የሆነ ቦታ 1500 የሚል አንገት አለ ማለት ነው።

9000 ከኤንኤፍኤስ ጋር የሚገጥም ልክ ነው። በሁለተኛው ስሪት አንድ ንባብ ወይም ጽሕፈት ሊሸከም የሚችለው ቢበዛ 8192 ባይት ነበር። ይህ በ1500 ባይት ፓኬት ሲላክ በዩዲፒ ላይ 6 ቦታ ይቆራረጣል፤ ከስድስቱ አንዱ ከጠፋ ስድስቱም እንደገና ይላካሉ። 9000 ሲሆን 8192ቱ ከነራስጌዎቹ በአንድ ፓኬት ይገባል፤ ትንሽም ቦታ ይተርፋል። ለሳጥኑ ልክ የተቆረጠ ክዳን ነው። ነገር ግን መንገዱ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ያንን ልክ ማወቅ አለበት። ስዊች እንደ ራውተር አይናገርም። ራውተር ትልቅ ፓኬት አላሳልፍም ሲል ለላኪው ምክንያቱን ይልክለታል። ስዊች ከልኩ በላይ የመጣን ይጥላል፤ ለማንም አይናገርም። በውስጡ ያለ አንድ ቆጣሪ ብቻ አንድ ይጨምራል።

ቆጣሪውን ፈለግን። ሁለቱ ስዊቾች የሚገናኙበት ፖርት ላይ አገኘነው። የአዲሱ ስዊች ሌሎች ፖርቶች ሁሉ 9216 ተደርገዋል፤ ይህ አንዱ በ1500 ቀርቷል። እኔ እዚህ ላይ ጨርሰናል ብዬ ነበር። እሷ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፈች፣ 8972 የሆነ ፒንግ 10 ጊዜ ላከች፣ ተመልሳ አየች። በ11 ጨምሯል። «አንዷ የማን ናት?» አለች። የፓኬት መቅጃውን በሦስተኛው ማሽን ላይ ከፍታ ጠበቀች። የቆመው ግልባጭ ያልደረሰለትን ፓኬት እየደገመ ነበር፤ ፓኬቶቹን የሚያደርሰው ፕሮቶኮል፣ ቲሲፒ፣ መልስ ባጣ ቁጥር የሚቀጥለውን ሙከራ ያርቃል፣ አሁን በድጋሚዎቹ መካከል ሁለት ደቂቃ ያህል ደርሷል። ሁለተኛውን ድጋሚ በሰዓቷ ጠብቃ ቆጣሪውን አየች። በትክክል በዚያች ሰከንድ አንድ ጨመረ። 11ኛዋ ባለቤት አገኘች።

የልጅቷ ንግግርም በዚህ ተፈታ። ጽሑፉ ትንሽ ነው፤ ከ1500 በታች ስለሆነ ያልፋል። ስካን የተደረገው ሰነድ ትልቅ ነው፤ ማከማቻው በ9000 ልክ ሞልቶ ይልከዋል፣ ስዊቹ ይጥለዋል። «የሁላችንም ይቆማል» ያለችው የቲሲፒ ሥራ ነው። ሰርቨሩ ከማከማቻው ጋር የሚነጋገርበት ግንኙነት አንድ ነው፤ ቲሲፒ ደግሞ የመጣውን በቅደም ተከተሉ ብቻ ያስረክባል። ትልቁ ፓኬት ሲቀር ከኋላው የመጡት ትንንሾች ደርሰውም ይጠብቁታል። «ትንሽ ቆይቶ ይመጣል» ያለችው ግንኙነቱ ተዘግቶ በአዲስ ሲከፈት ነው፤ ትንንሾቹ ያልፋሉ፣ ሌላ ሰነድ እስኪነካ ድረስ። በሦስት ዓረፍተ ነገር የመንገዱን አንገት፣ የቅደም ተከተሉን ሕግና የግንኙነቱን መታደስ ነግራናለች። የምታወራው ስለ ስክሪኗ ብቻ ነበር።

ስዊቹ የሌላ ክፍል ነው። ፈቃድ እስኪመጣ 40 ደቂቃ ጠበቅን። በዚያ መሀል ስልኩ አላረፈም። ከላይ የመጣው ጥያቄ ተገቢ ነበር፦ ሰርቨሩ ለምን ይጠብቃል፣ ለምን ስህተት ብሎ አይመልስም? እንዲህ ማድረግም ይቻላል። ማውንቱ «ሶፍት» ቢባል ጥቂት ሞክሮ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል። «ሃርድ» ሲባል ደግሞ ይጠብቃል፤ ካልተነካ ልማዱ ይህ ነው። በቲሲፒ ላይ ለአንድ ጥያቄ በመጀመሪያ 60 ሰከንድ ይሰጣል። በአማራጩ ላይ የሚጻፈው 600 ነው፣ ምክንያቱም የሚቆጠረው በሰከንድ አሥረኛ ነው። ይህን 600 ሰከንድ አድርጎ ያነበበ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ይደግምና ያቺን መስመር ሎጉ ላይ ጽፎ ይቀጥላል።

ባልደረባዬ በስልክ የመለሰችው አጭር ነው። «ጌታዬ፣ ስህተት ብሎ ቢመልስ የጽሑፉ ግማሽ ደርሶ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ፕሮግራሙ ስህተቱን ካላየው ደግሞ ሁሉም የደረሰ ይመስለዋል። አሁን ቆሟል እንጂ የተበላሸ ፋይል የለም።» ለሚነበብ ብቻ ለሆነ ነገር ሶፍትን እኔም እቀበላለሁ። ለሚጻፍ ነገር ግን ከእሷ ጋር ነኝ፤ የቆመ ሥራ በስልክ ይነገራል፣ በጸጥታ የጎደለ ፋይል ግን የሚታወቀው ባለጉዳዩ ሰነዱን የፈለገ ቀን ነው።

ፈቃዱ መጣ። በአንዲት ፖርት ላይ 1500 ወደ 9216 ተለወጠ። ማንም ምንም ሪስታርት አላደረገም። ሁለታችንም የሁለተኛውን ሰርቨር ሎግ እያየን ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልታየም። ከዚያ የማከማቻው ስም ወጣ፣ ከጎኑም «ደህና»።

ሦስተኛው ማሽን ላይ የቆመው ግልባጭም ተመለሰ። የመጨረሻውን ተግባር፣ 21ን፣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ መቅጃው ክፍት ስለነበር ሲያልፍ ታየ። 21 «ኮሚት» ነው። በሁለተኛው ስሪት ማከማቻው እያንዳንዱን ጽሕፈት ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ ደርሶኛል ማለት አይችልም ነበር፤ ያ ታማኝ ነው፣ ግን ዝግ ያለ ነው። በሦስተኛው ስሪት ሌላ መንገድ ተሠራ። ማከማቻው ጽሕፈቱን በሚሞሪው ተቀብሎ «ደርሶኛል፣ ገና አላሳረፍኩትም» ማለት ይችላል። ከመልሱ ጋር 8 ባይት ማረጋገጫ ይልካል። ጠያቂው ዳታውን አይጥልም፤ ከነማረጋገጫው ይዞ ይቆያል። መጨረሻ ላይ 21ን ይጠራል፦ አሁን አሳርፍ። ማከማቻው አሳርፎ 8 ባይቱን መልሶ ይልካል። ሁለቱ 8 ባይቶች ከገጠሙ ጠያቂው እጁን ይለቃል። ማከማቻው በመሀል ወድቆ ተነስቶ ከሆነ ማረጋገጫው ተለውጧል፤ አይገጥምም። ያን ጊዜ ጠያቂው የያዘውን ሁሉ እንደገና ይልካል። ዳታው በሁለቱም በኩል ያልተያዘበት ቅጽበት የለም። አንደኛው እጅ እስኪጨብጥ ሌላኛው አይፈታም።

በመቅጃው ላይ የጽሕፈቶቹን 8 ባይትና የ21ን መልስ ጎን ለጎን አየን። አንድ ናቸው።

ባልደረባዬ ግን ደብተሯን አልዘጋችም። የፋይሉን ድምር እንደገና ልታሰላ ነው። በሦስተኛው ማሽን ላይ አላሰላችም፤ እሱ የጻፈውን ገና በሚሞሪው ይዟል፣ ከማከማቻው ሳይሆን ከራሱ ሊያነብላት ይችላል። ወደ አንደኛው ሰርቨር ሄደች፣ ያንን ፋይል አይቶት ወደማያውቀው። እዚያ ድምሩን አስወጣች። ደብተሩን ለእኔ ሰጠችኝና ከስክሪኑ ላይ ማንበብ ጀመረች፣ አራት አራት እያደረገች። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ በየአራቱ «ልክ» እላለሁ። 16 ጊዜ ነው። አሥራ ስድስተኛው ላይ «ልክ» አልኳት። ደብተሩን ተቀብላኝ ሰዓቱን ጻፈች፦ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ20። ከዚያም ወደ መስኮቷ ልጅ ደወለች።